ስለ ባሕር ፍጥረታት ካርታ አሠራርና አነባበብ

የምድር ገጽ ከመቶው 71 እጅ ያህሉ በባሕር የተሸፈነ ነው። የባሕሩ ስፋት 360 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ በአማካይ ከ3 ሺህ 600 ሜትር ይበልጣል። ከ200 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን እጅግ ይደክማል፤ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ግን ፈጽሞ አይደርስም። ስለዚህ በጥልቁ የሚኖሩትን ፍጥረታት ሰው በዳር ቆሞ ሊያያቸው አይችልም፤ ሊቃውንትም የሚያውቁት በመረብ ስበው ያወጡትንና በመሣሪያ የተመለከቱትን ብቻ ነው። ያወቁትንም ለሌሎች ሊቃውንትና ለሕዝብ ለማሳየት በካርታ ላይ ይሥሉታል። ካርታውን የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ግን የተሣለውን ሳይሆን ባዶ የቀረውን ስፍራ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1841 ዓ. ም. ኤድዋርድ ፎርብስ የሚባል የብሪታንያ ሊቅ ቢከን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ በግሪክና በቱርክ አገር መካከል ወዳለው ወደ ኤጌ ባሕር ሄደ። በዚያም የብረት አፍ ያለውን ከረጢት በገመድ አውርዶ የባሕሩን ወለል እያስጐተተ የሚወጣውን ፍጥረት ይቈጥር ጀመር። ከረጢቱ ወደ ጥልቁ በወረደ መጠን የሚወጣው ፍጥረት እያነሰ ሄደ። እርሱ ራሱ ያስወረደው እስከ 420 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ማነሱ እንዲሁ የሚቀጥል ስለ መሰለው፥ ከ550 ሜትር ያህል በታች ሕይወት ያለው ፍጥረት አይገኝም የሚል አሳብ አወጣ። ከዚያ በኋላም የባሕር ፍጥረታት በየስፍራው እንዴት እንደ ተከፋፈሉ የሚያሳይ ካርታ ለአንድ ታላቅ አትላስ አዘጋጀ።

ይህ የሰነፍ ሰው ስሕተት አይደለም፤ ፎርብስ ጥልቁን በትጋት ከመረመሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነውና። ስሕተቱ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። የኤጌ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ምግብ የጐደለው፥ ፍጥረቱም ያነሰ ነው። ደግሞም የከረጢቱ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለ ነበሩ ፈጥነው በጭቃ ይደፈኑ ነበር። እንግዲህ በመሣሪያው ያልተገኘው ሁሉ በባሕሩ የሌለ ሆኖ ተቈጠረ፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህን አሳብ ተቀብለው ኖሩ።

በ1860 ዓ. ም. በሰርዴንያ ደሴትና በአልጀርያ መካከል በባሕር ወለል ላይ ተዘርግቶ የነበረው የቴሌግራፍ ሽቦ ስለ ተበላሸ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ተስቦ ወጣ። በሽቦውም ላይ ተጣብቀው ያደጉ ሕያዋን ፍጥረታት ተገኙ። ከዚያ በኋላ በ1869 ዓ. ም. ፖርኩፓይን የምትባለው መርከብ ከ4 ሺህ 400 ሜትር በላይ ካለ ጥልቅ ፍጥረታትን አወጣች፤ የፎርብስም አሳብ በዚሁ ወደቀ።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝን መንግሥት አነሣሥቶ ቻሌንጀር የምትባል መርከብ በታኅሣሥ 1872 ዓ. ም. እንድትነሣ አደረገ። የሊቃውንቱ አለቃ ቻርልስ ዋይቪል ቶምሶን ነበር። መርከቢቱ እስከ ግንቦት 1876 ዓ. ም. ድረስ 127 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች፤ በ362 ስፍራዎችም እየቆመች ጥልቀቱን ለካች፥ መረብም ጣለች። ከ4 ሺህ በላይ ቀድሞ ያልታወቁ የፍጥረት ዓይነቶች ተገኙ። ቶምሶን በ1882 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ ጆን መሬ ሥራውን ተረክቦ፥ 50 መጻሕፍት የሆነው ዘገባ በ1895 ዓ. ም. ተፈጸመ።

ተማሪው እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ይሥራ። 360 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ለ362 ስፍራ ቢካፈል ለያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም ከኢትዮጵያ ስፋት ጥቂት ብቻ ያነሰ ነው። ከኢትዮጵያ አንድ እፍኝ አፈር ብቻ ወስዶ የአገሪቱን አዝርዕት፥ አራዊትና አዕዋፍ ሁሉ ለመናገር የሚሞክር ሰው ቢኖር እንዴት ያለ ነገር ይሆናል? የቻሌንጀር ድካም ግን ባይኖር ያችም እፍኝ አትገኝም ነበር።

በኛ ዘመን በ2000 ዓ. ም. የባሕር ሕይወት ቈጠራ የሚባል ታላቅ ሥራ ተጀመረ። እስከ 2010 ዓ. ም. ድረስ ከ80 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ 2 ሺህ 700 ያህል ሊቃውንት ተሳተፉበት፤ ከ540 በላይ ጉዞዎችም ተደረጉ። መዝገቡን ወደ ካርታ የመለወጡን ሥራ በአሜሪካ የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ያዘ። ከአንድ ናሙና የሚጻፈው ቀላል ነው፤ ይኸውም የፍጥረቱ ስም፥ የተገኘበት ኬክሮስና ኬንትሮስ፥ ጥልቀቱና ቀኑ ነው። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ዛሬ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ በዩኔስኮ ሥር ሆኖ በቤልጅግ አገር በኦስተንደ ከተማ ጽሕፈት ቤት ባለው ድርጅትም ይጠበቃሉ።

ካርታ ሠሪው ባሕሩን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፍሎ በየአንዳንዱ ውስጥ ስንት ዓይነት ፍጥረት እንደ ተመዘገበ ይቈጥራል፤ ብዙ ያለበትን በደማቅ ቀለም፥ ጥቂት ያለበትን በፈዛዛ ቀለም ይቀባል። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። መርከቦች በብዛት የሚመላለሱት በኤውሮጳና በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ስለ ሆነ ደማቁ ቀለም ከዚያ ይከማቻል። ከዳር የራቀውና በውሃው ገጽና በወለሉ መካከል ያለው ሰፊ ጥልቅ ግን፥ የሕይወት መኖሪያ ሆኖ ከሁሉ የሚሰፋ ሲሆን፥ መዝገቡ እጅግ ጥቂት ነው። በጨለማ ሌሊት ፋና ይዞ ከብቱን የሚፈልግ እረኛ ፋናው ያልደረሰበትን ሜዳ ከብት የሌለበት ነው እንደማይል፥ የካርታውም አንባቢ ፈዛዛውን ስፍራ ሁሉ ሕይወት የጐደለው ነው ሊል አይገባውም።

ይህን ለማቃናት ሊቃውንት አንድ የሒሳብ ዘዴ አላቸው። ከአንድ ጐተራ አንድ ቁና፥ ከሁለተኛው አንድ እፍኝ እህል ቢወሰድ፥ በቁናው ውስጥ ብዙ ዓይነት ዘር መገኘቱ የፊተኛው ጐተራ ይበልጥ የተቀላቀለ መሆኑን አያስረዳም፤ ከሁለቱም እኩል መውሰድ ያሻል። እንዲሁም ከያንዳንዱ አራት ማዕዘን 50 መዝገብ ብቻ በዕጣ ቢወጣ ስንት ዓይነት ይገኝ ነበር ብለው ያሰላሉ፤ ካርታውንም በዚህ ቍጥር ይቀባሉ። 50 መዝገብ እንኳ የሌለው ስፍራ በሒሳቡ ስለማይገባ ቀለም ሳይቀባ ይቀራል። ሊቁ ይህን ያውቃል፤ ካርታውን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያየው ሹም ግን ቀለሙን ብቻ ስለሚያይ፥ ስንት ጊዜ መረብ እንደ ተጣለ የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ ከጐኑ ቢሰቀልለት መልካም ነው።

አንዳንዱን ባዶ ስፍራ ፍጥረታቱ ራሳቸው ይሞሉታል። በ2005 ዓ. ም. በኒውዚላንድ ከሚፈለፈሉ ጥቍር የባሕር ወፎች በአንዳንዶቹ ላይ ትንንሽ መሣሪያ ታሰረ፤ በዓመቱ ሲመለሱ እያንዳንዳቸው በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ 64 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መብረራቸው ታወቀ። በካርታ ላይ ሲሣልም መንገዳቸው የ8 ቍጥር መልክ ሆነ።

ነገሩ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የቀረ አይደለም። በሃዋይ ደሴቶችና በሜክሲኮ መካከል ክላርዮን ክሊፐርተን የሚባል 6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ስፋት ያለው ጥልቅ ባሕር አለ። በወለሉ ላይ ማንጋኔዝ፥ ኒኬል፥ ኮባልትና መዳብ ያለባቸው ድብልብል ድንጋዮች ተበትነዋል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ ድንች ያህላሉ። በጃማይካ የሚገኘው የባሕር ወለል ባለ ሥልጣን ድርጅት ማዕድኑን ለሚሹ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ካሬ በሚበልጥ ስፍራ የመመርመር ፈቃድ ሰጥቷል። ማዕድን ፈላጊው በፊቱ የተዘረጋው ካርታ ባዶ ሲሆን፥ በዚያ የሚጠፋ ፍጥረት የለም ለማለት ይቀለዋል። በ2023 ዓ. ም. የታተመ ጥናት ግን ከዚያ ስፍራ የተሰበሰበውን መዝገብ ሁሉ ሲመረምር 5 ሺህ 578 የፍጥረት ዓይነቶችን ቈጠረ። ከነዚህም ውስጥ ስም የወጣላቸው 436ቱ ብቻ ናቸው።