ዕድሜ፣ ብርሃንና የፍሬን ርቀት፦ የአንጋፋው ሾፌር ብቃት በምን ይለካል?

እንደሚታወቀው በአገራችን መንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራን ይጠይቃል። ተመርማሪው በደማቅ ብርሃን ስድስት ሜትር ርቆ የሰሌዳ ምልክቶችን ይለያል። ጥያቄያችን፣ ይህን ፈተና ያለፈ የ65 ዓመት ሾፌር ማታ ከጅጅጋ ወደ ደገሀቡር ሲጓዝ መንገድ የምታቋርጥን ግመል በጊዜ ያያታልን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ብርሃንን እንመልከት። ዕድሜ ሲገፋ የዐይን ብሌን ይጠባል፤ ሌንሱም ይወይባል። በመሆኑም የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህሉ ነው። የሞራ ግርዶሽ ከጀመረ ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት በሌንሱ ውስጥ ተበትኖ እንደ ጭጋግ ይጋርዳል። የመኪናው አጭር መብራትም ወደ ታች ያዘነበለ በመሆኑ ከግመሏ ይበልጥ የሚያሳየው እግሯን ነው።

ቀጥለን ጊዜን እናስላ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሴኮንድ ቢፈጅበት 33 ሜትር፣ 2.5 ሴኮንድ ቢፈጅበት ግን 56 ሜትር ይጓዛል። የሰበቃው መጠን 0.7 በሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ለፍሬን 36 ሜትር ሲጨመር ድምሩ 69 እና 92 ሜትር ይሆናል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከሰሌዳው ባሻገር የጎን እይታን፣ የአንገትን መዞር፣ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችንና የአእምሮን ቅልጥፍና ሊመረምር ይገባል። ለመጨረሻው ከሚያገለግሉት አንዱ ቁጥርንና ፊደልን እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘት ነው፦ 1፣ ሀ፣ 2፣ ለ እየተባለ ይቀጥላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ3 ደቂቃ በላይ መፍጀት ክትትል የሚያሻው ምልክት ነው። በሶማልኛ የላቲን ፊደል የተማረ ሾፌር ግን በራሱ ፊደል ካልተፈተነ፣ የምንለካው ንቃቱን ሳይሆን ንባቡን ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዕድሜ በራሱ ፍርድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዐይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። በግላኮማ የጠፋ የጎን እይታ ግን አይመለስም። ስለዚህ የሐኪሙ ተግባር የሚድነውን ከማይድነው መለየት ነው እንጂ እንጀራ መንጠቅ አይደለም።

በመጨረሻም ስሌታችን አንድ ተስፋ ያሳየናል። 2.5 ሴኮንድ የሚፈጅበት ሾፌር ፍጥነቱን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ በ62 ሜትር ይቆማል፤ ይኸውም በ80 ከሚጋልበው ፈጣን ወጣት ቀድሞ ማለት ነው። የጎደለውን ብርሃን ግን ዝግታ ብቻውን አይተካውም። ስለዚህ የማታውን ጉዞ ለቀን ማድረግ የሐኪሙ ምክር፣ የሾፌሩም ብልኀት ሊሆን ይገባል እንላለን።