ካላዛርና የአረጋውያን መድኃኒት

በሀዋታና በረሃድ ወንዝ አካባቢ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና መክሳት ከታየ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን የሚሰጠው የስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ ነው። ሆኖም ስቲቦግሉኮኔት ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በአረጋውያን ላይ ስለሚበረታ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶም ይመረጣል።

ስለዚህ ዕድሜን አሳንሶ ማስመዝገብ አደጋ አለው። የልደት ዘመናቸውን ለማያውቁ አባቶችና እናቶች እኛ መምህራን በማስላት እናግዛለን፤ ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ተወልዶ የነበረ ሁሉ ዛሬ 50 ዓመት አልፎታል። የምንወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ እናሳይ። በሕክምናው መካከል የልብ ትርታ ቢዛባ ወይም ሆድ ቆርጦ ቢያስመልስ፣ ወዲያው እንናገር እንጂ መርፌውን በራሳችን አናቋርጥ።