የምግብ ብክነት ምክንያቱና መድኃኒቱ

እህል ከማሳ ተነሥቶ ወደ ገበታ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል፤ በሚያልፍበትም ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይጎድላል። ይህን ጉድለት አንዳንዱ ሰው የስንፍና፥ ሌላው ደግሞ የጥጋብ ፍሬ ነው ይለዋል። ነገር ግን ምክንያቱ እንደ አገሩና እንደ ኑሮው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ሳይመረመር የሚሰጥ ተግሣጽ ጥፋተኛውን አልፎ ችግረኛውን ይመታል። ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ አስቀድመን ምክንያቱን ለይተን እንመልከት።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ መሠረት፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በመደብር፥ በምግብ ቤትና በቤተ ሰብ እጅ የባከነው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ይህም ለተጠቃሚው ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ ይሆናል። ከባከነውም 60 በመቶው የጠፋው በየቤቱ ነው። ከመከር ጀምሮ መደብር እስኪደርስ የሚጠፋው 13 በመቶ ያህል ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በቤት የሚባክነው የባለጸጎች ብቻ ነው የሚል ቢኖርም፥ በባለጸጎቹና በመካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሰው በዓመት 7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

በባለጸጎች አገር ምግብ ከሰዉ ገቢ አንጻር ርካሽ ነው። ስለዚህ ሰው ከሚበላው አብልጦ ይገዛል፤ መልኩ ያላማረውን ፍሬ ነጋዴው ይጥላል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ሲያልፍም ገና የሚበላው ምግብ ይደፋል። ፈረንሳይ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ትላልቅ መደብሮች ያልተሸጠውንና የሚበላውን ምግብ እንዳያጠፉ ከልክላለች፤ ለመለገስም ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ጋር እንዲዋዋሉ አዝዛለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በከምባታ በሀደሮ አካባቢ ያለውን ኑሮ እንመልከት። የእንሰትን ግንድ ሴቶች ፍቀው፥ ሥሩንም ከትክተው፥ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ቆጮውም ሳይበላሽ ለብዙ ወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ቃጫው ገመድ፥ ቅጠሉም መጠቅለያና የከብት መኖ ይሆናል። ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር ጥቂት ነው፤ ይህንንም ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ጠብቀው ያቆዩት እናቶች ናቸው።

ሀደሮ የምትታወቅበት ዝንጅብል ግን የገበያ ሰብል ነው። ገበሬው ዋጋውን አይወስንም፤ እርጥቡም ታጥቦና ደርቆ ካልተቀመጠ ይበሰብሳል። በ2004 ዓ.ም. የተነሣው የአጠውልግ በሽታም በደቡብ ያለውን የዝንጅብል እርሻ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። በቆሎም ቢሆን ነቀዝ ስለሚበላው፥ ዕዳና የልጅ ትምህርት ወጪም ስለሚያስጨንቅ፥ ገበሬው በመከር ጊዜ በርካሽ ይሸጣል፤ በክረምትም መልሶ በውድ ይገዛል። እንግዲህ በዚህ ሰው ቤት የሚጠፋው እህል በማኖሪያ፥ በመንገድና በገንዘብ እጦት እንጂ በጥጋብ የጠፋ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት የልማዳችን ነው። በሠርግና በተዝካር ምግብ ማነስ እንደ ውርደት ስለሚቆጠር፥ ደጋሹ ተበድሮም ቢሆን ከተጠሪው ቁጥር በላይ ያዘጋጃል። እንጀራ ግን በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ በጊዜው ድርቆሽ ካልሆነም ይጣላል። እንዲሁም በረጅም ጾም ወራት በከተማ የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ይህ የጾሙ ነቀፋ አይደለም፤ ወተቱን ንጦ ቅቤውን ማንጠር፥ ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናትና ሕሙማንም ወተቱን ማድረስ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ብዙ ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈው እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ማብዛት የሚቻለው እርሱ ትራፊውን ካልናቀ፥ ማብዛት የማንችል እኛ ልንንቀው አይገባንም። ዮሴፍም በጥጋብ ዘመን ከእህሉ አምስተኛውን እጅ ስላከማቸ ግብጽን ከረኃብ አድኗል፤ ጎተራ ሠርቶ መጠበቅም የምሕረት ሥራ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ይሁን። ገበሬውን ከመገሠጽ ይልቅ የሰበካው ሰው ተባብሮ የዝንጅብል ማድረቂያ አውድማና ነቀዝን ያለ መርዝ የሚገድል አየር የማያስገባ ከረጢት ቢያቀርብለት ይጠቅመዋል። ተግሣጽ የሚገባው ከልኩ በላይ ለሚደግስ ነው። ካህናት የንስሐ ልጆቻቸው ለድግስ ሲዘጋጁ ተጠሪውን እንዲቈጥሩ፥ ስለ ክብር ብለውም እንዳይበደሩ ይምከሯቸው። የድሃውም ድርሻ እንግዳው ጠግቦ ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው ትራፊ ሳይሆን፥ ገና ገበታው ሲቀርብ ተለይቶ ይቀመጥ።