ፎቶግራፋችንን ለዳኞች ስናቀርብ

ባለፈው የመኸር ወራት ከሠልጣኞች መካከል አምስት ሆነን ፎቶግራፎቻችንን በዳኞች እየተመረጠ በኢንተርኔት ለሚታይ አንድ ጋለሪ ለመላክ ተነሣን። በሥራው ላይ ያጋጠመንን ችግርና ያገኘነውን ትምህርት ለጓደኞቻችን ማካፈል ስለሚገባን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በዳኞች የሚመረጥ ጋለሪ ምንድን ነው?

ያነሣነውን ፎቶ በስልካችን ላይ ለመለጠፍ የሚከለክለን የለም። በዳኞች የሚመረጥ ጋለሪ ግን የራሱ ደንብ አለው። ላኪው በተወሰነው ቀን ሥራውን ያቀርባል፤ ዳኞች አንድ በአንድ ይመለከታሉ፤ የተመረጠው ብቻ ለሕዝብ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ዳኞች የላኪውን ስም አያዩም። ስለዚህ ፎቶው ራሱ መናገር አለበት ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ አይደለችም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊ፣ ባማኮ በተካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትርዒት ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አግኝተዋል፤ በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ ትርዒት በአዲስ አበባ መሥርተዋል። ግርማ በርታ በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልክ አንሥተው፣ ከነጥላቸው አውጥተው፣ በአንድ ዓይነት ቀለም መደብ ላይ ያኖሩ ነበር። እንግዲህ «ካሜራ የለንም» ብለን የምናመካኝበት ጊዜ አልፏል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) መምረጥ። እኛ ከ200 በላይ ፎቶ ነበረን። ታዲያ ግማሹ ጭላሎ ነው! ተራራው ያምራል፤ ነገር ግን ዳኛው ተራራ ላይ ተራራ ሲያይ ይሰለቻል። ከመካከላቸው ጭድ የጫነ ጋሪ ከፊቱ የሚያልፍበትን አንዱን ብቻ አስቀረን። ከእርሱ ጋር በሜዳው ላይ ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ፣ ኮምባይነር በማይወጣው ተዳፋት ላይ ደግሞ በሬዎች አውድማ ሲያበራዩ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች መረጥን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስለ አርሲ ገበሬ ብዙ ይናገራሉ።

ለ) መጠን። ደንቡ የፎቶው ረጅም ጎን ቢያንስ 2,000 ፒክስል እንዲሆን ያዛል። አንድ ጓደኛችን በቴሌግራም የላከልን ፎቶ ግን 1,280 ብቻ ሆኖ ተገኘና ወደቀ። ምክንያቱም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ፕሮግራሙ ያሳንሰዋል። «እንደ ፋይል» ተብሎ ከተላከ ግን ሳይቀነስ ይደርሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሐ) መግለጫ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር አንደኛ የወጣ አንድ ተከታታይ ሥራ ሽልማቱን ተነጥቋል፤ በቤልጂግ ሻርለርዋ ተነሣ ከተባሉት ፎቶዎች አንዱ በብራስልስ አካባቢ የተነሣ መሆኑ ስለተደረሰበት ነው። እኛም ሳጉሬ ያነሣነውን «በቆጂ» ብለን ጽፈን ኖሮ በጊዜ አረምነው።

መ) ማስተካከል። ብርሃን መጨመርና ጠርዝ መቁረጥ በአብዛኛው ይፈቀዳል። በዜናና በዘገባ ፎቶ ላይ ግን ነገር መጨመርም ሆነ ማጥፋት ክልክል ነው። በዚያው በ2015 ውድድር ለመጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ፎቶዎች 20 በመቶው በዚህ ጉድለት ተሰርዘዋል። የግርማ ዓይነቱ ሥራ የሚቀርበው እንደ ኪነ ጥበብ ስለሆነ ደንቡ ይለያል። በየትኛው ዘርፍ እንደምንልክ አስቀድመን እንወቅ።

ሠ) መብት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍን ባለቤትነት ይጠብቃል። አዘጋጁ ፎቶውን ለምን ያህል ጊዜና ለምን ጉዳይ እንደሚጠቀምበት ሳናነብ «እስማማለሁ» የሚለውን መንካት የለብንም።

የተነሣው ሰውስ?

ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። ከስምንቱ ፎቶዎቻችን ሁላችንም የወደድነው አንዲት ልጅ አውድማ ዳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ስታነብ ያሳያል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይደነግጋል። ስለዚህ እናቷን ለመጠየቅ ሄድን። እናትየዋ ስልኩን ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ልጄ ማንበቧን እናንተ አያችሁ። ሌላው ሰው የሚያየው የተቀደደ ቀሚሷን ነው። ተዉት ልጆቼ» አሉን። እኛ ቀሚሱን ልብ ብለን አላየነውም ነበር።

ፎቶውን አስቀርተን ሰባቱን ላክን፤ ሁለት ተመረጡልን። «የልጅቷ ቢኖርበት አንደኛ ይወጣ ነበር» የሚል ጓደኛ ዛሬም አለን፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ግን ነገ በየክፍሉ የሰው ልጆች አደራ የሚሰጠን እኛ ነን። ወላጅ «ተዉት» ሲል መተው ካልቻልን ያንን አደራ እንዴት እንቀበላለን?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅቷ ራሷ «ይላክ» ብትል፣ እናቷ ደግሞ «አይላክ» ቢሉ ምን እናደርጋለን?
2. ከስልካችሁ አንድ ፎቶ መርጣችሁ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚል መግለጫ ጻፉለት። ያልተመለሰው ጥያቄ የትኛው ነው?