ጭምብሉ ይወልቃል፣ የተጣለው አይመለስም፦ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ያለን የሬዲዮ ጣቢያ ስለ መለወጥ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሳይንስ መጽሔት ገጽ የማይገባው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገሩ የኮምፒዩተር ጨዋታን ይመለከታልና። ሆኖም ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ ጨዋታውን ከመጫወት አልፈው ፋይሎቹን ከፍተው መመርመር ከጀመሩ ወዲህ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በጨዋታው ውስጥ ካሉት የሬዲዮ ጣቢያዎች በአንዱ ላይ አንድ ዘፈን አውጥተን በምትኩ ሌላ አስገባን፤ የነካነው አንድ ዘፈን ብቻ ሆኖ ሳለ የጣቢያው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር የደከመው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት አንድ የታወቀ ጨዋታ እንውሰድ። ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ቫይስ ሲቲ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ በሚገኘው ሮክስታር ኖርዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፕሌይስቴሽን 2፣ በ2003 ደግሞ ለኮምፒዩተር ቀረበ። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1986፣ በማያሚ አምሳል በተሠራች ምናባዊ ከተማ ውስጥ ነው። (ጨዋታው ወንጀል የሞላበትና ለአዋቂዎች የተሠራ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ እኛን እዚህ የሚመለከተን ሬዲዮው ብቻ ነው።) ተጫዋቹ መኪና ውስጥ ሲገባ ሬዲዮ ይከፈትለታል። ዘጠኝ ጣቢያዎች ያሉ ሲሆን ሰባቱ ሙዚቃ፣ ሁለቱ ንግግርና ውይይት ያሰማሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ረጅም ፋይል ነው፤ ዘፈኑ፣ የአስተዋዋቂው ንግግርና ማስታወቂያው ሁሉ በአንድ ክር ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተው ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያ ግን ለሚቸኩል አንባቢ አንድ ነገር እንንገር። ዓላማው የራስን ሙዚቃ በጨዋታው ውስጥ መስማት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። የኮምፒዩተሩ ቅጂ ተጫዋቹ የራሱን የኤምፒ3 ፋይሎች የሚያስቀምጥበት ልዩ ማኅደር አለው፤ እነዚያም እንደ አንድ ተጨማሪ ጣቢያ ይሰማሉ። ከዚህ በታች የምንለው የጣቢያውን ፋይል ራሱን መለወጥ ለሚሻ ነው።

ድምፅ ቁጥር ሲሆን

ድምፅ የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ይህን መዋዠቅ በቁጥር ለመመዝገብ በእኩል የጊዜ ልዩነት ናሙና እንወስዳለን። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባሳተሟቸው ጥናቶች መሠረትነት እንደምናውቀው፣ የናሙናው ፍጥነት ልንመዘግበው ከምንሻው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሚሰማ፣ የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል። እያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ይይዛል፤ የግራና የቀኝ ድምፅ ሲደመሩ በሴኮንድ 176,400 ባይት ይሆናል። በዚህ ሂሳብ የአንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሚሊዮን ባይት ገደማ ሲሆን አንድ ሲዲን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ጨዋታው ግን ለኮምፒዩተር የቀረበው ከተማውን፣ መኪናውንና ሬዲዮውን ሁሉ ጠቅልሎ በሁለት ሲዲ ነበር። ስለዚህ ድምፁ መታመቅ ነበረበት።

ለዚህ የዋለው ዘዴ ኤምፒ3 ነው። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያዳበሩት ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም አቀፍ ደረጃ አካል ሆኖ ታተመ። መሠረቱም ከጆሯችን ባሕርይ የተወሰደ ነው፦ ኃይለኛ ድምፅ በድግግሞሽ የሚቀርበውን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል። ከበሮ ሲጎሸም በአጠገቡ የሚንሾካሾክን ሰው አንሰማም። የማይሰማውን በጥንቃቄ መመዝገብ ለምን ያስፈልጋል? ስለዚህ ኤምፒ3 ድምፁን 1,152 ናሙና በያዙ ፍሬሞች ይከፍላል፤ የአንዱ ፍሬም ዕድሜ በ44,100 ኸርዝ 26 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። የየፍሬሙን ይዘት በድግግሞሽ ይበትነዋል፤ ከዚያም ጆሮ የሚያስተውለውን በጠባብ እርከን፣ የማያስተውለውን በሰፊ እርከን ያጠጋጋዋል። በሴኮንድ በ128,000 ቢት፣ ማለትም በ16,000 ባይት ብቻ ሲታመቅ ፋይሉ ከሲዲው አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ "ያጠጋጋዋል" የሚለው ቃል ልብ ይባል። የጥያቄያችን መልስ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው።

ስስ መጋረጃ

የቫይስ ሲቲን የጣቢያ ፋይል በተራ የሙዚቃ ማጫወቻ ብንከፍተው አይሠራም። ውስጡ ኤምፒ3 ሆኖ ሳለ ማጫወቻው አያውቀውም፤ እያንዳንዱ ባይት ጭምብል አጥልቋልና። ጭምብሉ ኤክስኦር የሚባለው የሎጂክ ስሌት ሲሆን ደንቡ በጣም ቀላል ነው፦ ሁለት ቢቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ውጤቱ 0፣ የተለያዩ ከሆኑ 1 ነው። ጨዋታው እያንዳንዱን ባይት 34 ከተባለው ቁጥር ጋር በኤክስኦር ያጣምረዋል። 34 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 00100010 ነው፤ ስለዚህ ከቀኝ ሁለተኛውና ስድስተኛው ቢት ይገለበጣሉ፣ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆያሉ።

ይህን ቁልፍ ከማንም ሳንጠይቅ ራሳችን ልናገኘው እንችላለን። የእያንዳንዱ ኤምፒ3 ፍሬም የመጀመሪያዎቹ 11 ቢቶች ሁልጊዜ 1 ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ባይት 11111111፣ ማለትም 255 መሆን አለበት። በጨዋታው ፋይል ውስጥ ግን በፍሬሙ መነሻ የምናገኘው 11011101፣ ማለትም 221 ነው። ሁለቱን በኤክስኦር ብናጣምር፦

11111111 ከ 11011101 ጋር = 00100010

ቁልፉ 34 ነው። ያንኑ 34 እንደገና ከ221 ጋር ብናጣምረው 255 ተመልሶ ይመጣል። የሚያስጌጠውም የሚገልጠውም አንድ ስሌት ነው። ደግሞም የአንድ ባይት ቁልፍ 256 ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ለመሞከር ለኮምፒዩተር የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ይበቃዋል። ይህን "ምስጠራ" ብሎ መጥራት በእኛ አስተያየት ቃሉን ማርከስ ነው፤ መጋረጃ እንጂ ቁልፍ ያለው በር አይደለም።

ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን ሌላ ነው። ጭምብሉ የፋይሉን ርዝመት አይለውጥም። 255 በነበረበት ሁሉ 221፣ 0 በነበረበት ሁሉ 34 ስለሚተካ፣ የየባይቱ ስም ይቀየራል እንጂ የድግግሞሻቸው ሥርጭት አይዛባም፤ በመሆኑም ሻነን ኢንትሮፒ ብሎ የሰየመው መጠን፣ ከዚሁ ሥርጭት ሲሰላ፣ ሳይነካ ይቀራል። ሰበቃ እንደሌለበት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ሺህ ጊዜ ብንመላለስ አንዲት ቢት አትጠፋም።

ማጠጋጋት ግን እንዲህ አይደለም። 37 የነበረን መጠን በ10 እርከን ብናጠጋጋው 40 ይሆናል። 40 ብቻ በእጁ የያዘ ሰው ቀድሞ 37 ይሁን 42 ሊያውቅ አይችልም፤ ብዙ መነሻዎች ወደ አንድ መድረሻ ተጠቃለዋልና። ትኩስ ሻይ ከቀዘቀዘ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደነበር ከስኒው ማንበብ እንደማይቻል ነው።

ጣቢያው ለምን ደከመ?

እንግዲህ ተማሪዎቻችን ያደረጉትን እንከተል። ጭምብሉን አወለቁ፤ ምንም አልጠፋም። ፋይሉን በድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከፈቱት፤ ሶፍትዌሩ ኤምፒ3ውን ወደ ናሙናዎች ፈታው። አሮጌውን ዘፈን ቆርጠው አዲሱን ለጠፉ። ከዚያም "አስቀምጥ" ሲሉ ሶፍትዌሩ ጣቢያውን በሙሉ፣ ያልተነካውንም ጭምር፣ እንደ አዲስ አመቀው። ድካሙ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ብልህ ተማሪ "40 በ10 እርከን ሁለተኛ ቢጠጋጋ ያው 40 አይደለምን?" ብሎ ሊከራከር ይችላል። ልክ ነው፤ የፍሬሞቹ ድንበርና እርከኖቹ በትክክል ቢገጣጠሙ ሁለተኛው ማመቅ የሚጨምረው ጉዳት እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ነገር ግን አማቂው ሶፍትዌር በመነሻው ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር የፍሬሞቹ ድንበር ይንሸራተታል፤ የተለጠፈው ዘፈን ርዝመትም ከእርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ይገፋዋል። አዲሱ እርከን 7 ቢሆን 40 ወደ 42 ይሄዳል፤ ከ37 በ3 የራቀው አሁን በ5 ራቀ። በመጀመሪያው ማመቅ ከመሰማት ደፍ በታች የነበረው ስሕተት ከሁለተኛው ጋር ተደምሮ ከደፉ በላይ ይወጣል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታወቀው በጭብጨባና በጸናጽል ላይ ነው፤ ጥርት ያለው ምት ውኃ የገባበት ይመስላል።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ ፋይሉን ሳይፈቱ፣ ልክ በፍሬም ድንበር ላይ መቁረጥ ነው። ይህን የሚያደርጉ መሣሪያዎች አሉ። አዲሱ ዘፈን ለብቻው፣ በተቻለ መጠን ካልታመቀ ምንጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታመቃል፤ የናሙናው ፍጥነት፣ የቻናሉ ቁጥርና የቢቱ መጠን ከጣቢያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ፍሬሞቹ ተቀጣጥለው በ34 ጭምብል እንደገና ይለብሳሉ። ያልተነካው ክፍል ባይት በባይት እንደ ቀድሞው ይቀራል። በመጋጠሚያው ላይ ግን ቅጽበታዊ ቅጭታ ሊሰማ ይችላል፤ ኤምፒ3 አንዱ ፍሬም ከቀደሙት ፍሬሞች ትርፍ ቦታ እንዲበደር ይፈቅዳልና፣ ስንቆርጥ አበዳሪውን ከተበዳሪው እንለያያለን። መጋጠሚያውን ዝምታ ላይ ማድረግ ይህን ይደብቀዋል።

የቢቱ መጠን በፋይሉ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያሳሰብነው በከንቱ አይደለም። በጨዋታው ዓለም ጣቢያዎቹ ባናዳምጣቸውም የሚቀጥሉ ይመስላሉ፤ ከመኪናው ወርደን ቆይተን ስንመለስ ዘፈኑ አልፏል። ዘጠኝ ፋይሎች በአንድ ጊዜ እየተጫወቱ ግን አይደለም። ኮምፒዩተሩ ጊዜውን ብቻ ይቆጥርና በጣቢያው ርዝመት አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ጣቢያው 3,600 ሴኮንድ ቢረዝም፣ 3,400ኛው ላይ ትተነው ከ500 ሴኮንድ በኋላ ብንመለስ፣ 3,900 ለ3,600 ተካፍሎ ቀሪው 300 ነው። በ16,000 ባይት በሴኮንድ ቦታው 4,800,000ኛው ባይት ይሆናል። የቢቱ መጠን ከፍሬም ፍሬም የሚለያይ ከሆነ ግን ይህ ቀላል ማባዛት አይሠራም፤ መርፌው የሚያርፈው ከታሰበው ቦታ ርቆ ነው።

ዋናው ቅጂ

ከመነካካት በፊት ዋናውን ፋይል ገልብጦ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ይህን የምንለው ስለ ተማሪው ስሕተት ብቻ አይደለም። የቫይስ ሲቲ ተከታይ የሆነው ሳን አንድሬስ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ በኅዳር 2014 በስቲም በኩል በተላለፈ ማሻሻያ በርካታ ዘፈኖች ከሬዲዮዎቹ ተወግደዋል፤ የሙዚቃው የፈቃድ ዘመን አብቅቶ ነበር። በሚያዝያ 2018 ደግሞ የአራተኛው ጨዋታ አንድ የሩሲያ ሙዚቃ ጣቢያ ብዙ ዘፈኖቹን አጥቶ በሌሎች ተተካለት። የቀድሞው ድምፅ ተሟልቶ የሚገኘው ከማሻሻያው በፊት የነበረውን ቅጂ ባስቀመጡ ሰዎች ዘንድ ነው። የተሰረዘ ዘፈን እንደ ጭምብል ባይት አይደለም፤ በምንም ስሌት አይመለስም።

የዘፈን ባለቤትነት ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በራስ ቅጂ ላይ ለራስ ጆሮ ዘፈን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ የተለወጠውን ጣቢያ ከነሙዚቃው ማከፋፈል ግን ሌላ ነው፤ በአገራችንም የሙዚቀኛን ሥራ የሚጠብቅ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ።

መልመጃ

ሳን አንድሬስ ኤምፒ3ን ትቶ ኦግ ቮርቢስ በተባለው ዘዴ ያመቀ ሲሆን፣ የኤክስኦር ቁልፉም ከ1 ባይት ወደ 16 ባይት አድጓል፤ 16ቱ ካለቁ ከመጀመሪያው ይደገማሉ። 256ን ለራሱ 16 ጊዜ ማባዛት ስለሚሆን ሁሉንም ቁልፍ መሞከር አይታሰብም። ይሁን እንጂ የኦግ ፋይል የመጀመሪያ 14 ባይቶች አስቀድመው የታወቁ ናቸው፦ 79፣ 103፣ 103፣ 83፣ 0፣ 2፣ ከዚያም ስምንት ጊዜ 0። ከእነዚህ የቁልፉ 14 ባይቶች ይገኛሉ። 15ኛውና 16ኛው ባይት ከፋይል ፋይል ስለሚለያዩ አይረዱንም። ነገር ግን ከ30ኛው ባይት ጀምሮ የቮርቢስ ስም በስድስት የላቲን ፊደላት ተጽፏል፤ ቁጥሮቹም 118፣ 111፣ 114፣ 98፣ 105 እና 115 ናቸው። ቁልፉ በየ16ቱ እንደሚደገም አስታውሳችሁ የጎደሉትን ሁለቱን የቁልፍ ባይቶች የሚሰጡት ከስድስቱ የትኞቹ እንደሆኑ አሳዩ። ከዚያም በጨዋታው ውስጥ ከኦጉ በፊት 8,068 ባይት የሚረዝም መግለጫ መኖሩን ካወቃችሁ፣ ቁልፉ ኦጉ ላይ ሲደርስ ከስንተኛው ባይቱ እንደሚጀምር አስሉ።