ዓይኔን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ። ዓይኔ ይቆረቁረኛል፣ አፌም ይደርቃል። ከፋርማሲ የገዛሁት ጠብታ ለጊዜው ብቻ ያሻለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የድሬ ሙቀትና አቧራ ያባብሰዋል እንጂ መነሻው እሱ ብቻ አይመስለኝም። አፍም ከደረቀ ሾግረን የተባለው ሕመም ይጠረጠራል፤ የሰውነት መከላከያ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እንባዎን ለመለካት የዓይን ሐኪም ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብዎ ላይ ለ5 ደቂቃ ያንጠለጥላል፤ የረጠበው ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ እንባዎ በጣም አንሷል ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል (ፕሪዘርቫቲቭ) የሌለበትን ይምረጡ። ካልበቃ ሐኪሙ የሳይክሎስፖሪን ጠብታ ሊያዝ ይችላል። የቬንትሌተሩን ነፋስ ከፊትዎ ያርቁ። የገዙትን ጠብታ ግን ስሙን ያንብቡ፤ ዴክሳሜታዞን ካለበት ያለ ሐኪም ክትትል ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የአርትራይተስ መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ዓይንዎ ከቀላ፣ ካመመዎ ወይም ማየት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።