ከገዳይ የመስመር ስሕተት ማገገም፦ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መሣሪያዎች በሊኑክስ

አዲሱ ገበያ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የመረመርኩት ሰርቨር፣ የኔትወርክ ካርዱ በተሰወረበት ቁጥር ጠፍቶ እንዲበራ ይደረግ ነበር። ካርዱ ይመለሳል፤ በሰርቨሩ ላይ የነበረው ሥራ ሁሉ ግን ይቋረጣል።

የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ «ገዳይ» የሚለው መስመሩ ራሱ የማይታመንበትን ስሕተት ነው። የሊኑክስ ከርነል እንዲህ ያለ ስሕተት ሲደርሰው በመስመሩ ሥር ያሉትን ድራይቨሮች ሁሉ አስጠንቅቆ ሥራ ያስቆማቸዋል፤ መስመሩን ሪሴት ያደርጋል፤ ድራይቨሮቹም ካርዶቻቸውን እንደ አዲስ አዘጋጅተው ይቀጥላሉ። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም።

ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም ሲተባበሩ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚቀበል ኮድ ያልተጻፈለት አንድ ድራይቨር ቢገኝ፣ ማገገሙ ለጎረቤቶቹም ይከሽፋል። በዚያ ሰርቨር የከርነል መዝገብ ላይ የተገኘውም ይኸው ነበር፤ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር የተሟላ ሲሆን፣ እንቅፋቱ በዚያው ስዊች ሥር የተሰካ የካሜራ ምስል መቅረጫ ካርድ ነበር። (ሲቀያየር የሰነበተው ግን ምስኪኑ የኔትወርክ ካርድ ነው።)

ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ሌላም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። መስመሩ ሲቋረጥ ከካርዱ የሚደረግ ንባብ ብዙውን ጊዜ ስሕተት አይመልስም፤ ቢቶቹ ሁሉ 1 ሆነው ይመጣሉ፤ በ32 ቢት 4,294,967,295 ማለት ነው። «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው ቢት 0 እስኪሆን ያለ ጊዜ ገደብ የሚጠብቅ ድራይቨር እንግዲህ ከዚያ ዙር አይወጣም።

ለዚያ ሰርቨር መፍትሔው ቀላል ነበር። የመቅረጫ ካርዱ የራሱ መስመር ወዳለው ሌላ መሰኪያ ከተዛወረ በኋላ፣ ስሕተቱ አልፎ አልፎ ቢደርስም፣ የኔትወርክ ካርዱ ሰርቨሩ ሳይጠፋ ይመለስ ጀመር።